ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ

ጥቅምት 9

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሬ ብገባ እንዳትቀየመኝ፤ ሰላም ስላልሆንኩ ነው። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ ደግሞ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ የሚጢጢ ጆሮም ሰሞኑን የዓይኗን ሥራ ደርቦ ይዟል። በስልክ «ዓይን» ያልኩ እንደሆነ ከጓዳ ብቅ ትልና ፊቴን ታየኛለች። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እናውራ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የነበረው የመነጽሯ ቁጥር ሁለት ተኩል ገብቷል። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ የምታስፈራኝም ስለማትጮህ ነው። «ልጅሽ ገና ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚህ አያያዟ አሥራ አምስት ሲሞላት ቁጥሩ የት እንደሚደርስ አላውቅም» አለችኝ። የዓይኗ ኳስ ከልኩ በላይ ወደ ኋላ እየረዘመ ነው፣ ለዚህ ነው ሩቅ ያለው የሚደበዝዝባት። ልጅ ሲያድግ ቀሚሱ እንደሚያጥር አውቃለሁ። ዓይን ይረዝማል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል?

ሦስት ነገር ነግራኝ አንዱን ምረጪ አለችኝ። አንደኛው መነጽር ነው፤ መሃሉ እንደማንኛውም መነጽር ሆኖ ዙሪያውን ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበት። ሁለተኛው ስትተኛ ዓይኗ ላይ አድርጋ ጠዋት የምታወልቀው ጠጣር ሌንስ። ሦስተኛው ከመተኛቷ በፊት አንድ አንድ ጠብ የሚደረግ ጠብታ ነው። «የትኛው ያድናታል?» አልኳት። «የረዘመውን የሚያሳጥር የለም። ሁሉም ቢሆኑ እንዲዘገይ ነው የሚያደርጉት» አለች። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቃት?

ጠብታው መጀመሪያ የሚገኘው ከመርዛም ተክል ነው አለኝ የሰፈራችን ፋርማሲስት። «በጣም የቀጠነ ነው፣ አይዞሽ» ብሎ ሳቀ። መርዝ ቀጠነም ወፈረ ያው መርዝ ነው። ሌንሱ ደግሞ በንጹሕ እጅ ካልተያዘ ዓይን ያቆስላል ተብዬ፣ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚመጣበት ቤታችንን አስቤ ተውኩት። መነጽሩን አባቷ አልወደደውም። ከመንገድ ደውሎ «መነጽር ዓይን ያሰንፋል፣ አታስለምጃት» አለ። የሹፌር ምክር ቸኩሎ ይደርሳል። እኔም ሰማሁትና አሁን ያላትን መነጽር ለግማሽ ቀን ብቻ አደርግላታለሁ።

ሥራ ቦታ አርባ ጨርቅ አነባብሬ ስቆርጥ እጄ አይንቀጠቀጥም። ይህን ግን መቁረጥ አቃተኝ። እፈራለሁ፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ አራት ዓይና ተብለህ ያደግክ ነህ፤ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር እያደረግክም ይኸው ሰዓት ፈትተህ ገጥመህ ትኖራለህ፣ ምንም አልሆንክም። አልሆንክም አይደል? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለህ ማልልኝና እንቅልፍ ይውሰደኝ።

እህትህ

—

ጥቅምት 24

እህት ዓለም፣

ጽሕፈቴ መስመሩን ስቶ ስታዪ ጠጥቶ ነው እንዳትዪ። በደረቴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ወገቤን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ በደረትህ ተኛ ተብያለሁ፤ ሱቁንም ለጊዜው ዘግቼዋለሁ። ሰዓቶቹ ያለ እኔም ይቆጥራሉ፣ አታስቢ።

ማልልኝ ላልሽው፣ መሐላ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። እንኳን ለዓይን ለሰዓትም አልምልም። «ከእንግዲህ አይቆምም ወይ?» ሲሉኝ «አሁን እየሄደ ነው» ነው የምላቸው።

የትኛውን ልምረጥ ብለሽኛል። ሐኪም አይደለሁም፣ ልመርጥልሽም አልችልም። ሐኪሟ ሦስቱንም ያቀረበችልሽ ሦስቱም ስለሚሠሩ ይሆናል። እኔ ብሆን የምጠይቀው የትኛው ይበልጣል ብዬ አይደለም፤ የትኛውን ነው ቤቴ ውስጥ ሳላቋርጥ በየቀኑ የማደርገው ብዬ ነው። ውሃ የሌለበት ቤት ሌንስ አይመቸውም፣ እሱን ራስሽ ጥለሽዋል። ከቀሩት ከሁለቱ አንዱን ያዢና ጀምሪ። ቶሎ ጀምሪ።

ያላትን መነጽር ግን ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ቀን ታድርገው። መነጽር ዓይን የሚያሰንፍ ቢሆን ምርኩዝም ሽማግሌን ያስነክስ ነበር በይልኝ ለባልሽ። ከትምህርት ቤት ስትመለስም ደጅ ትጫወት፤ ብርሃን ላይ፣ ሩቅ ሩቅ እያየች።

ይህን ያህል ምን አስቸኮለው እንዳትዪ። አንገቴ ስለደከመኝ እዚህ ላይ ላቁም።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 30

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እንኳን ዛሬ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ብቻም አይደለሁም።

ቶሎ ጀምሪ ላልከኝ፣ አይ፣ ምንም አልጀመርንም። አትቆጣ፣ አስጨርሰኝ። ትናንት የትምህርት ቤቱ ነርስ የሁሉንም ልጆች ዓይን መረመረች። ሚጢጢ ያለ መነጽር ከላይኛው ትልቁ ምልክት እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አነበበችው! «አንዴም አልቆመችም፤ እንደ ውሃ ነው የጠጣችው» አለችኝ ነርሷ። ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፣ ሁለቱንም ጊዜ ያው። ካሮት ነው እላለሁ እኔ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ካሮት ሳበላት «እማዬ፣ ጥንቸል ልታደርጊኝ ነው?» ትለኝ ነበር። ይኸው!

ስለዚህ የሐኪሟን ቀጠሮ ሰረዝኩት። ከመርዙም ከሌንሱም ተገላገልኩ። እግዜር ይመስገን ብዬ አለቀስኩ፣ አፌ ላይ የመርፌ ክር ይዤ ስለነበር የሥራ ጓደኞቼ ክሩ ገባብሽ ወይ አሉኝ።

ደስታዋን ብታይ! ሰሞኑን ደጅ ገመድ ስትዘል አዲስ ዜማ አውጥታለች፤ «ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ፤ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች» እያለች ቀኑን ሙሉ ስትዘል ትውላለች። እኔ ራሴ መቀሱን ይዤ ሳዜመው አለቃዬ ሰምቶ ሳቀብኝ።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ከሱቅህ አጠገብ ላለው ጫማ ሠሪ ደውዬ ስለ ሱቅህ ብጠይቀው «ገና ነው፣ አልከፈተም» አለኝ። ስድስት ሳምንት የሚያስተኛ የወገብ ሕመም ምን ዓይነት ነው? «እሱ ራሱ ይንገርሽ» ብሎ ዘጋው። ምኑን ነው የምትነግረኝ?

እህትህ

—

ታኅሣሥ 12

እህት ዓለም፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ሚጢጢ ከቤት ሳትኖር።

ካሮቱ አልሠራም። የረዘመ ዓይን አያጥርም ብላሽ የለም ሐኪሟ? ያለ መነጽር የፊቷን በር በቅጡ የማታይ ልጅ ታችኛውን መስመር አታነብም። የምታይ ልጅ ደግሞ ትንንሾቹ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ትጠጋለች፣ ትሳሳታለች። እንደ ውሃ የሚጠጣው በቃል የተያዘ ብቻ ነው። ዜማዋን ደግሞ አንብቢው። የነርሷ ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ፊደል የለውም፤ ሹካ የሚመስል ምልክት ነው ያለው፣ ልጆቹም ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ ነው የሚናገሩት፤ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ። ልጅሽ የምትዘለው ሰሌዳውን ነው።

ሰሌዳውን እንዴት አወቅከው ካልሽ፣ ሁለት ወር ሙሉ ፊቱ ስቆም ስለከረምኩ ነው።

ወገቤን አልታመምኩም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት የሴት ሰዓት ከፍቼ፣ ማጉያውን ግራ ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ጥላሸት የመሰለ ነገር ሲበን አየሁ። ሰዓቱ ቆሽሿል ብዬ አራገፍኩት። ጥላሸቱ ያለው ዓይኔ ውስጥ ነበር። ከምሳ በኋላ ከጎን በኩል ጥቁር መጋረጃ መዘጋት ጀመረ። ለነገ አሳደርኩት፤ የሰው ሰዓት ለዕለቱ ቃል ገብቼ ነበር። በማግሥቱ ስሄድ የዓይኔ የኋላ ግድግዳ ተላቆ ነበር። ቀዶ ጥገና አድርገው፣ ውስጡ አየር ሞልተው፣ አየሩ ግድግዳውን እንዲደግፈው በደረቴ አስተኙኝ። የጻፍኩልሽ ያኔ ነው። አልያዘም። ግራው አሁን መብራት መብራቱን ብቻ ያያል። እንግዲህ አራት ዓይና መባሌ ቀርቷል፣ ሦስት ዓይና ነኝ።

አንቺ ጨርቅ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ይገባሻል። ከልኩ በላይ የተወጠረ ጨርቅ ይሳሳል፣ የሳሳ ደግሞ ይተረተራል። ዓይንም ሲረዝም ግድግዳው ይሳሳል። የእኔ አሥራ አራት ቁጥር ነው፤ ልጅ ሳለሁ የሚያዘገይ ነገር ስላልነበረ ዝም ብሎ ሮጠ። ሩቅ የማያይ ሁሉ እንደኔ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ ብዙው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳይሆን ይኖራል። ግን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ገደሉ ይርቃል ብሎኛል ሐኪሙ። የሚጢጢን ገደል አርቂላት። ይህን ላንቺ ላለመንገር ያልዋሸሁት ውሸት የለም፣ ይቅር በይኝ።

ወደ ሐኪሟ ተመለሽ። ዓይኗ መርዘሙን ያወቀችው በመሣሪያ ለክታ ነው። ሰሌዳ በቃል ይያዛል፣ ሚሊሜትር ግን አይሸመደድም። ልጅቷን አትጩኺባት። ዓይኗን የምትደብቅ ልጅ ሌላ የምትደብቀው ነገር አላት። ቀኙ ዓይኔ ደኅና ነው።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 27

ወንድም ጋሼ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ለአንተ ላልቅስ፣ ልቆጣ ወይስ ለእሷ ልፍራ? ሦስቱንም ባንድ ቀን አደረግኳቸው። ብቻህን ተቀድደህ ብቻህን ተኝተህ እኔ የካሮት ወሬ ጻፍኩልህ። ይህን በሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ አልተውህም።

አዎ፣ ወሰድኳት። ለካቻት። ዓይኗ ረዝሟል፣ የመነጽሯም ቁጥር ሦስት ከሩብ ሆኗል። ሐኪሟ ሌላ ሰሌዳ ስትሰቅልባት ሚጢጢ የድሮውን ዜማ ጀመረች፤ «ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች…» አለችና ሰሌዳው ሌላ መሆኑ ሲገባት አቆመች። ሐኪሟም አልተቆጣቻትም። ወንበሯን አስጠግታ «ማን አስጠናሽ?» አለቻት። ጓደኛዋ ነች፤ በእረፍት ሰዓት የነርሷ በር ላይ ቆመው ያችኛዋ እያየች ስትነግራት፣ ይቺ ስትይዝ።

ለምን እንደሆነ የነገረችኝ አውቶቡስ ላይ ነው፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ሰማያዊውን ሳቲን ታስታውሳለህ? ባለፈው ዓመት ለናሙና ቤት አምጥቼው መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ተቆርጦ ያገኘሁት፣ ሥራ ቦታ መሳቂያ የሆንኩበት። ሚጢጢን ስጠይቃት «አልቆረጥኩም» አለችኝ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው በይ!» አልኳት። አለች። አምኜ ተውኳት። ቆርጣው ነበር፣ ወንድም ጋሼ፤ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጥቁር ሰሌዳው ደበዘዘባት። ያኔ የማለችበት ነገር የደረሰ መሰላት። ሐኪሟ መድኃኒት ምረጪ ስትለኝ እሷ ከበር ጀርባ ሆና የምታስበው ይህንን ነበር፤ ማንም እንዳያውቅ፣ ዓይኗ ግንባር እየሆነ መሆኑን። «ስንት ቀን ቀርቶኛል እማዬ?» አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ፣ ዓመት ሙሉ፣ ይህን ይዛ ስትተኛ።

ያስማልኳት እኔ ነኝ። አንተንም ያንኑ ማል አልኩህ። አፌን ቢቆርጠው ምን ነበረበት! ይኸው፣ ይህም መሐላ ነው፣ አየህ አያልቅብኝም።

እኔ የምላትን አታምንም፤ ያን ቃል ስንቴ በቀን ስለው ሰምታለች። አንተ ጻፍላት። ስለ ዓይንህ ነግሬያታለሁ፣ አስፈቅጄህ አይደለም።

እህትህ

—

ጥር 5

ሚጢጢዬ፣

ይህ ደብዳቤ ያንቺ ነው፤ እናትሽ ከፈለገች ከትከሻሽ ኋላ ቆማ ታንብብ።

መጀመሪያ ግንባርሽን ዳብሺው። ዓይን አለው? የለውም። አሁን ደግሞ ዓይንሽ ያለበትን ዳብሺ። ግንባር ሆኗል? አልሆነም። ስለዚህ መሐላሽ አልደረሰም፤ እንደዚህ ነው ነገር የሚጣራው። ዓይንሽ ረዘመ እንጂ ግንባር አልሆነም። የረዘመው ደግሞ የእኔ ስለረዘመ፣ የእኔ የረዘመው የአያትሽ ስለረዘመ ነው። አፍንጫሽን ያመጣሽው ከእኛ አይደል? ይህንንም ከእኛ አመጣሽው።

ሌላም ማስረጃ አለኝ። እኔ በዓይኔ ምዬ አላውቅም፣ ግራው ግን ጠፋ። መሐላ ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን ገበያ ውስጥ መንገዱን አይቶ የሚሄድ ነጋዴ አይገኝም ነበር፤ ሰዓት ሠሪዎችም ቢሆኑ። ጨርቁን መቁረጥሽ ጥፋት ነው፣ መዋሸትሽም ጥፋት ነው፤ ቅጣታቸው ግን እናትሽ ዘንድ ነው ያለው እንጂ ዓይንሽ ውስጥ አይደለም። ቀሚሱን አውጥተሽ አሳያት። ቅዱ ጥሩ ከሆነ ትቀጥርሻለች።

«ስንት ቀን ቀርቶኛል?» እንዳልሻት ጻፈችልኝ፤ ፈርተሻል። እኔም እፈራለሁ። የፈራ ሰው መደበቅ ይወዳል፤ አንቺ ሰሌዳውን አጠናሽ፣ እኔ ወገቤን ነው አልኩ። ሁለታችንም ያው ነን። ከእንግዲህ አንድ ቃል ብቻ ልመጂልኝ። ሲጠይቁሽና ሳታዪ ስትቀሪ «አይታየኝም» በይ። ሐኪም ሊረዳሽ የሚችለው ከዚያ ቃል በኋላ ነው።

አጎትሽ

—

የካቲት 2

ወንድም ጋሼ፣

ቆረጥኩ። ጠብታው ነው። ለምን እሱ ካልከኝ፣ ያልከውን ጥያቄ ራሴን ጠየቅኩ። ጠዋት እሷ ሳትነቃ ወደ ሥራ እወጣለሁ፣ አባቷ መንገድ ላይ ነው፤ ስትተኛ ግን ሁልጊዜ አጠገቧ አለሁ። ሐኪሟ ተስማማች። መነጽሯንም ከጠዋት እስክትተኛ ታደርጋለች፤ አባቷ የምርኩዙን ነገር ሲሰማ ስቆ መከራከሩን ተወ።

የመጀመሪያውን ጠብታ ሳደርግላት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ጉንጯ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውም ጆሮዋ ሥር ገባ። «እማዬ፣ ሳቲን ነው ብለሽ አስቢ» አለችኝ። ሦስተኛው ገባ። በማግሥቱ የዓይኗ ጥቁሩ ትንሽ ሰፍቶ፣ ፀሐዩ ከበዳት፤ ባርኔጣ ገዛሁላት። ሐኪሟ ያለ ነው ብላኛለች፣ እኔ ግን አሁንም ስትጠራኝ ባርኔጣዋ ሥር ገብቼ ዓይኗን አያለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ይሠራ አይሠራ የሚታወቀው ከስድስት ወር በኋላ ሲለካ ነው፣ እስከዚያ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው ሥራዬ። ቀሚሱን አሳየችኝ። ቅዱ ጥሩ ነው፣ እጅጌው ብቻ ጠማማ።

ትናንት ሐኪሟ ጠብታው እንዴት እንደተስማማት ልታይ ጠርታን ነበር። መነጽሯን አስወልቃ ሰሌዳው ፊት አቆመቻት። ትልቁን አየችው። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች፣ ወደ እኔ ዞረችና «አይታየኝም» አለች። ልጄ አይታየኝም ስትል በደስታ ያለቀስኩ እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከሥር ያለውን ራሷ ናት የጻፈችው፣ እኔ ፊደሉን እንኳን አላረምኩም።

አጎቴ እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። አይታየኝም አልኩ። አንተ በደህናው ዓይንህ ስንተኛው ላይ ቆምክ?

—

የካቲት 21

ሚጢጢዬ፣

ለጥያቄሽ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። መልሱን አላውቀውም ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ። ግራው ከጠፋ በኋላ ሐኪሙ ቀኙን ላየው በየወሩ ና ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ። ለእናትሽ ደኅና ነው ብዬ የጻፍኩት ሳይታይ ነው። አንቺን አትደብቂ እያልኩ እኔ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጥላሸት እንዳላይ ነጩን ግድግዳ ማየት እየፈራሁ፣ ሰዓት እፈታ ነበር። ደብዳቤሽ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ዋለ። በአራተኛው ቀን ሱቁን ዘጋሁና ሄድኩ።

አምስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ስድስተኛውን አይታየኝም አልኩ።

ሐኪሙ ዓይኔን አስፍቶ ብዙ አየ። ከዳር በኩል የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አገኘ። ዕለቱን በጨረር ዙሪያዋን ተኩሶ ዘጋት። አሁን ሱቄ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፣ መስመሩንም አልሳትኩም፤ እናትሽ ትመስክር።

ስጨርስ ሐኪሙ መዝገቤን ገልጦ ያሳለፍኳቸውን ቀጠሮዎች አየና «ዛሬ ማን ልኮህ መጣህ?» አለኝ።

«የእህቴ ልጅ» አልኩት። «ሁለተኛ ክፍል ናት።»

ሦስት ዓይናው አጎትሽ